ዘጊው የዘለለው ቁጥር

ሰኞ 4

ቀኑ ተቆረጠ። እሑድ 17 አሮጌው ሲስተም ይወርዳል፣ አዲሱ ይገባል። አለቃዬ ስብሰባው ላይ "ልብስ እንደመቀየር ነው" አለ። ልብስ መቀየርማ ቀላል ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለውን ማን ያወጣዋል? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እኔና አለቃዬ ሆስፒታሉ የገባነው በአንድ ዓመት ነው። እሱ ወደ ላይ ወጣ፣ እኔ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ሰርቨሮቹ ያሉት እዚያ ነው፣ ከሬሳ ክፍሉ ጋር በአንድ ኮሪደር። ዘበኛው "የናንተ ክፍል ከነሱ ይብሳል፤ እነሱ ቢያንስ አይጮኹም" ይለኛል።

ሥራው ይኸ ነው። ሲስተሙ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሁሉ ራሱ ወደ አዲሱ ይሻገራል። እኛው የጻፍናቸው፣ ማንም ሳይነካቸው በየሰዓታቸው የሚነሡት አውቶማቲክ ሥራዎች ግን አይሻገሩም። አንድ በአንድ በእጅ መስተካከል አለባቸው፤ ማን ቀድሞ ይነሣ፣ የትኛውን ፋይል ይንካ፣ ቢወድቅ ለማን ይናገር። አብዛኞቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ስምም አውጥተንላቸዋል። "ጠራጊው" ትርፍ የሆነውን ያጸዳል። "ቀስቃሹ" በማግሥቱ ቀጠሮ ላላቸው ሕሙማን በስልካቸው መልእክት ይልካል። "ዘጊው" የሞቱትን ስም ከየክፍሉ ተቀብሎ ፋይላቸውን ይዘጋል፣ ቀስቃሹ ዳግም እንዳይጠራቸው።

በዘጊው ልጀምር ብዬ ነበር። በጠራጊው ጀመርኩ። ይቀላል።

ረቡዕ 6

ጠራጊው አለቀ። ቀስቃሹ ተጀመረ። ምሳ አልበላሁም።

አዲሷ ባልደረባዬ ጎበዝ ናት። ሠራተኛው "ጥድፊያ" ነው የሚላት፤ ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ከኋላዋ ውሻ የለቀቁባት ይመስላል። ስሟን መጠየቅ እንኳ ቀርቷል። "ጋሼ፣ በዘጊው ብንጀምር አይሻልም? ሌሎቹ እሱን ነው የሚጠብቁት" አለችኝ። ልክ ናት። "በኋላ" አልኳት።

ዓርብ 8

ዝናብ። የባለቤቴ ታላቅ እህት መጥታ ነበር። ልጄ እትዬ ትላታለች፣ እኔም ከልጄ ተምሬ እትዬ እላታለሁ። ድስቱን ከፍታ አየች፣ ፍሪጁን ከፍታ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ቁም ሣጥኑ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚቀመጠው?" አለች። "ነፍሷን ይማርና እህቴ ራሷ ብታየው ትቆጣህ ነበር። ስንት የሚለብሰው ያጣ አለ።"

"ሥራ ይቅለለኝ" አልኳት።

"ሥራ እንኳ ላንተ አይቀልልህም፣ አንተ ነህ የምትከብደው።"

ልጄ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው። አስረኛ ክፍል ናት፣ ቁመቷ በሩን ሊደርስ ነው። ከእናቷ የወረሰችው ያን አንገት ብቻ ነው እላለሁ፤ እትዬ ግን ሁለመናዋን ነው ትላለች።

ያ ከሆነ ሁለተኛው ክረምት ነው። እዚያው እኔ የምሠራበት ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል። እኔ ምድር ቤት ነበርኩ። ደውለውልኝ ደረጃውን ስወጣ... ይህን ለመጻፍ አልተቀመጥኩም።

ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ባትሪ ባዶውን ከቆየ ይበላሻል። ዕቃ ነው፣ ለምን ይበላሽ?

እሑድ 10

ቀስቃሹ ተሞከረ፣ ሠራ። የላቦራቶሪው ሪፖርት ተሞከረ፣ ሠራ። ዘጊው ይቀራል።

ማክሰኞ 12

ጥድፊያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

"ጋሼ፣ ዘጊው ውስጥ አንድ መስመር አግኝቻለሁ። 'ይህን የካርድ ቁጥር ዝለል' ይላል። አንድ ቁጥር ብቻ። ምንድን ነው?"

"የሙከራ ቁጥር ነው።"

"የሙከራ ከሆነ ለምን እውነተኛ ስልክ አለው? ፋይሉ ስላልተዘጋ ቀጠሮው በየወሩ ራሱን ያድሳል፤ ቀስቃሹም በየወሩ መልእክት ይልክለታል።"

"ተይው። ዘጊውን እኔ እሠራዋለሁ አልኩሽ።"

ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። "እሺ ጋሼ" አለችና ወንበሯን መለሰች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብላ ነው የሄደችው።

አንድ መስመር ነው። ማንንም አይጎዳም። በወር አንዴ አንድ መልእክት ቢሄድ ሆስፒታሉ አይደኸይ።

ሐሙስ 14

ጥድፊያ የርክክብ ሠንጠረዡን እየሞላች ነው። ከየሥራው ፊት "ተሠርቷል"፣ መጨረሻ ላይ የሞላው ሰው ፊርማ።

"ዘጊው ላይ ምን ልጻፍ?"

"ተሠርቷል በይ። ያው ልሠራው ነው።"

እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጻፈች።

ቅዳሜ 16

ቢሮው ባዶ ነበር፣ ለዘጊው ብዬ ገባሁ። ቀላል ሥራ ነው። የመነሻ ሰዓቱን አስገባሁ። የሞቱት ስም የሚመጣበትን ቦታ አሳየሁት። ከዚያ የምትዘለለዋ ቁጥር ላይ ደረስኩ።

አዲሱ ሲስተም ያለ ምክንያት አያዘልልም። ቁጥሩን ስትሰጠው "ምክንያት" የሚል ሣጥን ይከፍታል፤ ባዶ ከተውከው አያስቀምጥልህም። "ሙከራ" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ጊዜያዊ" ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። ቁጥሩን ጭራሽ ሳልሰጠው ልተወው አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። እንደዚያ ተቀምጬ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። ነገ ከሁሉም በፊት።

እሑድ 17

ከማለዳ ጀምሮ። ቅጂው ተወሰደ። አሮጌው ጠፋ። አዲሱ ተጫነ፣ አንዴ ወደቀ፣ ዳግም ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስክሪን በራ፣ አለቃዬ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ዘጊው አልደረሰም። አንድ ቀን ቢዘገይ የአንድ ቀን ሟች ነው የሚዘገየው።

ሰኞ 18

ፋርማሲ ጮኸ። ካርድ ክፍል ጮኸ። ማተሚያዎቹ እምቢ አሉ። ጥድፊያ ስትሮጥ እኔ ስሮጥ ዋልን። ዘጊው ነገ።

ማክሰኞ 19

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቀስቃሹ በሰዓቱ ተነሣ። ያለ እንከን። በማለዳ "ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀጠሮ አለዎት፤ እባክዎ አይቅሩ" እያለ ላከ። ላከ ለነማን? አሮጌው ሲስተም "ተዘግቷል" የሚለውን ምልክት የሚያኖረው ዘጊው ራሱ ዘንድ ነበር። ዘጊው ስላልተሻገረ ምልክቱም አልተሻገረም። ለአዲሱ ሲስተም ማንም አልሞተም። ያለፉት ዓመታት ፋይሎች ሁሉ ተከፈቱ፤ ቀጠሮ ተሰጣቸው።

ቀስቃሹን ላቆመው ስደርስ ልኮ ጨርሶ ነበር።

የስልክ ኦፕሬተራችን ደልደል ያለች፣ ነገር የማይደንቃት ሴት ናት። ማዳመጫዋን አውልቃ ስታለቅስ አገኘኋት።

"ሰደቡሽ?" አልኳት።

"ቢሰድቡኝ በወደድኩ! አይሳደቡም እኮ። ቀስ ብለው 'እርግጠኛ ናችሁ?' ነው የሚሉኝ። አንዷ 'የት ክፍል ነው ያለው ልጄ?' አለችኝ። ምን ልበላት? አንተ ንገረኛ፣ ምን ልበላት?"

"ስህተት ነው በያቸው" አልኩና ወረድኩ።

ቤት ስገባ መልእክቱ መሳቢያው ውስጥም መጥቶ ነበር። እሱስ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ረቡዕ 20

የይቅርታ መልእክት ልከናል። ሁሉም ግን አላነበበውም፤ ወይም አንብቦ አልተወውም።

ሦስተኛ ፎቅ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ኮታቸው ተተኩሷል። ጭናቸው ላይ ፌስታል፣ ከፌስታሉ የሴት ጫማ አፍንጫ ይታያል፣ ከሥሩ የታጠፈ ሹራብ። የሴቶች ክፍሏ ነርስ ወደኔ ጠጋ አለችና "ልጃቸው አምና እዚሁ ነው ያረፈችው። 'በቀጠሮዋ መጥቻለሁ' ብለው ተቀመጡ። ንገራቸው፣ እኔ አልችልም" አለች።

"የኔ ሥራ አይደለም" አልኳት። ይህን አልኩ።

ሁለት ጊዜ በፊታቸው አለፍኩ። አንዴ ቀና ብለው "ልጄ፣ ሐኪሙ ገብቷል?" አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ በወዲያኛው ደረጃ ነው የወጣሁት የወረድኩት።

ማታ ልወጣ ስል ወንበሩ ባዶ ነበር። ማን እንደነገራቸው አላወቅኩም።

ዓርብ 22

ስብሰባ። አለቃዬ ሠንጠረዡን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ያዘ።

"ዘጊው ላይ 'ተሠርቷል' ይላል። ፊርማው የማን ነው?"

ጥድፊያ ወደኔ አየች። ረጅም አይደለም፤ ዐይን የሚርገበገብበትን ያህል ነው። ከዚያ "የኔ ነው" አለች።

እኔ ሳልኩ። ውኃ ጠጣሁ።

ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግዳ ትቆይ ተባለ። ስብሰባ መሃል መናገር ተገቢ አልነበረም፣ አለቃዬን ለብቻው አግኝቼ አስረዳዋለሁ። ደግሞም ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ቦታ ሥራ አታጣም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

ኮሪደሩ ላይ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ አገኘኋት። "ላግዝሽ?" አልኳት።

"አይከብድም ጋሼ።" ትንሽ ሄደችና ተመለሰች። "ያን ቀን ቁጥሩን አስገብቼ ስሙን አይቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ቢጠይቁኝም አልናገርም። ግን ዛሬ ቤት ስገባ ለናቴ ምን ልበላት?"

ካርቶኑን አቅፋ ወጣች።

ቅዳሜ 23

እትዬና ልጄ ማጀት ናቸው፣ እኔ ሶፋው ላይ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል።

"...በየወሩ እኮ ነው እትዬ። መሳቢያው ውስጥ ይጮኻል። መጀመሪያ መጀመሪያ እማዬ ናት ብዬ ብድግ እል ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ግን ሳውቀውም ብድግ እላለሁ።"

"ለምን አትነግሪውም?"

"ምን ብዬ? እሱ እኮ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። አይቼዋለሁ። ስልኩን ወደ መሳቢያው ከመለሰው በኋላ ደስ ብሎት ይውላል። እኔ ያን ልንጠቀው?"

የውኃው ቧንቧ ተከፈተ። የቀረውን አልሰማሁም።

ደስ ብሎት ይውላል አለች። እኔ አንድ መስመር ነው፣ ማንንም አይጎዳም ስል፣ ከግድግዳው ወዲያ ልጄ በየወሩ ብድግ ትል ነበር። ስንቱ ቤት ብድግ ብሎ ይሆን ማክሰኞ ዕለት?

እትዬ ስትሄድ ልጄን ጠራኋት። መናገር የምፈልገው ብዙ ነበር፣ የወጣኝ ግን "ሰምቻችኋለሁ" የሚል ብቻ ነው። ፊቷ ቀላ።

"አባዬ፣ እኔ አልተቆጣሁም።"

"ብትቆጪ ደግ ነበር" አልኳት። ከዚያ ስለ ጥድፊያ ነገርኳት፤ ስለ ፊርማው፣ ስለ ካርቶኑ፣ ሁሉንም። ሰማችኝና "ታዲያ ለሷ ማን ይናገርላት?" አለችኝ። እንደ እናቷ ነው ያለችው። እትዬ እውነቷን ነው።

ሰኞ 25

ገና ጸሐፊዋ ሳትገባ አለቃዬ በር ላይ ነበርኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ዘጊውን እኔ እንዳልሠራሁት፣ "ተሠርቷል በይ" ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ የምትዘለለዋ ቁጥር የማን እንደሆነች። መነጽሩን አወለቀ።

"ይህን ማን ያውቃል?"

"አንተና እኔ። እሷም።"

"እንግዲያው ዝም በል።" ድምፁን ቀነሰ። "አንተን አሳልፌ ከሰጠሁ ሰርቨሩን ማን ያየዋል? ልጅቷ በሌላ ትተካለች። አንተ ሐዘንተኛ ነህ፤ ማን ይፈርድብሃል? አንድ ወር ጠብቅ፣ ይረሳል።"

ለደቂቃ ልቤ ወደሱ አደላ። እውነቱን ለመጻፍ ነው። ደከመኝ፣ "እሺ" ማለት በጣም ቀላል ነበር።

"እሷ ካልተመለሰች በጽሑፍ ለቦርዱ አስገባለሁ" አልኩት።

"አንተ ሰው፣ አብረን አርጅተን!"

"ያረጀነውስ አብረን ነው።"

ሳቀ ወይም ተናደደ፤ አልለየሁትም። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው መጣ። እሷ ትመለሳለች። እኔ ከሰርቨር ክፍል ወጥቼ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ እቀመጣለሁ፣ ደረጃዬም ዝቅ ይላል። አለቃዬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዐይኔን አላየም። እኔም ደስ አላለኝም። ሰው ልክ ሲሠራ ቀለል ይለዋል ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ወይም እኔ ዘግይቻለሁ።

ማክሰኞ 26

የርክክብ ቀን። ጥድፊያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። "እሺ" አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። "ጋሼ" ስትልም እንደ ድሮው አይደለም፣ አጥራ ነው የምትለው።

ዘጊውን ሠራችው። ፈጣን ናት። መነሻ ሰዓት፣ የስም ምንጭ፣ ከቀስቃሹ በፊት እንዲነሣ፣ እሱ ካልጨረሰ ቀስቃሹ ጭራሽ እንዳይነሣ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አላሰብኩትም ነበር። አንዲት ማሰሪያ ናት፤ ያቺ ማሰሪያ ብትኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። "የምትዘለል ቁጥር አለች?" ብላ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"የለችም።"

"ላስጀምረው ወይስ አንተ ታስጀምረዋለህ?"

"አንቺ አስጀምሪው።"

አስጀመረችው። ስሞቹ በስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ። በፍጥነት ነው የሚወርዱት፣ ዐይን አይዛቸውም። እኔ ግን አንዱን ያዝኩት። ጥድፊያ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ ኮዳዋ ግን ሙሉ ነበር።

ሐሙስ 28

የሽማግሌውን አድራሻ ከልጃቸው ፋይል ወስጄ ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ። ሰፈሩ ዳገት ላይ ነው፣ ቤቱ ከአንድ ብረት በያጅ ጀርባ፣ በሩ ሰማያዊ። ሳንኳኳ ራሳቸው ከፈቱ። ያን ኮት አልለበሱም፤ ያለ እሱ ያንሳሉ።

"ከሆስፒታሉ ነኝ አባቴ። ስለዚያ መልእክት ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"ይቅርታማ በስልኬ መጥቷል።"

"እሱ የሆስፒታሉ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ላይ ማስተካከል የነበረብኝን ሳላስተካክል ቀረሁ።"

ግባ አላሉኝም። አንድ እጃቸው በሩን እንደያዘ ቆመው አዩኝ። ከጎረቤት የብየዳው ብልጭታ ግድግዳው ላይ ይመታል።

"አንተ በዚያ ወንበር ፊት ያለፍከው ነህ" አሉ።

"ነኝ።"

"ያበድኩ መስሎህ ነበር?"

ወደ ብልጭታው ዞርኩ።

"አላበድኩም። ልጄን በዚህ እጄ ነው የቀበርኳት። መልእክቱ ስህተት እንደሆነ ማክሰኞውኑ አውቄዋለሁ።" ወደ ጉልበታቸው አዩ። "በታመመችበት ጊዜ ሁሉ አረፍድ ነበር። አንዱ አውቶቡስ ያልፈኛል፣ አንዱ ሞልቶ ይመጣል። እሷ ታክማ ጨርሳ በር ላይ ቆማ ታገኘኛለች። 'ዛሬም አባዬ?' ትለኛለች፣ እየሳቀች። በመጨረሻው ቀንም አርፍጄ ነው የደረስኩት። እናንተ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል አላችሁኝ። ሌሊት ተነሥቼ ጫማዋን ወለወልኩ። ፀሐይ ሳትወጣ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰው ሲጠራህ ትቀራለህ?"

"አይቀርም አባቴ።"

"ያን ቀን ግን ቀድሜ ደረስኩ" አሉ።

ልመለስ ፈለግኩ፣ ግን አልሄድኩም። እሳቸውም በሩን አልዘጉትም።

"አንተ ሰነፍ አትመስልም" አሉ። "ለምንድን ነው ያላስተካከልከው?"

ለአለቃዬ "የባለቤቴ ቁጥር ናት" ብዬው ነበር። ለልጄ "ያ ነገር" ብያት ነበር። እዚህ ደብተር ላይ ምን እያልኩ እንደኖርኩ ዛሬ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት።

"ባለቤቴ ሞታብኝ ነው" አልኳቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሡ።

"እንግዲያው አትቁም" አሉኝ። "ግባና ቁጭ በል።"